ወገርት የጨሰበት ጉድጓድ

እርጥብ ሸክላ አፈር ሲገለበጥ የሚያወጣው ሽታ አለ። ሰፈራችን ውስጥ ለአዲስ ቤት መሠረት በተቆፈረ ቁጥር ያ ሽታ በመስኮት ገብቶ፣ የያዝኩትን ሥራ አስጥሎ፣ የልጅነት ጓሯችን ውስጥ ወደነበረው ጉድጓድ አፍ ይመልሰኛል። የዛሬ ልጆች ውሃ ከቧንቧ ብቻ የሚወጣ ስለሚመስላቸው ስለዚያ ጉድጓድ ሳወራ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ፣ እኔ ግን ስለሱ ስቄ አላውቅም።

ቤታችን ዛሬ ፒያሳ በሚሉት፣ ያኔ አራዳ ብቻ በምንለው ሰፈር፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች ቁልቁለቱ ላይ ነበር። አባቴ ኮርቻ ሰፊ ነበሩ። እኔ ሳልወለድ ከታናሽ ወንድማቸው ከታፈሰ ጋር ሆነው የቆፈሩት ጉድጓድ ሠላሳ ክንድ ያህል ይጠልቃል፤ አፉ በድንጋይ ተከቦ፣ የጥድ ሳንቃ ክዳን ተገጥሞለት፣ ገመዱም ከኮርቻ ሥራ በተረፈ ጠፍር የተገመደ ነበር። አጎቴ ታፈሰ ሚስት ሳያገባ ከኛው ጋር የሚኖር፣ አፉ የማያርፍ ቀልደኛ ነበር፣ እኔንም «እሜቴ» እያለ ይጠራኝ ነበር። በዘጠኝ ዓመቴ እሜቴ መባል እንዴት ደስ እንደሚል እናንተው ገምቱት።

ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ይሞላና ውሃው ይደፈርሳል። ጎርፉ ከላይ ሰፈር የፈረስና የበቅሎ ፋንድያ እየጠረገ ሲወርድ፣ አባቴና አጎቴ ዶማ ይዘው ወጥተው፣ በጉድጓዱ ዙሪያ ቦይ ቀድደው፣ የተናደውን የአፉን ድንጋይ በጭቃ እየመረጉ ይውሉ ነበር። እናቴ የተቀዳውን በነጠላ አጥልላ፣ ጋን ውስጥ አሳድራ፣ ሲጠራ ከላይ ከላዩን እየጨለፈች ታጠጣን ነበር፤ እንዲያም ሆኖ አንዳንዴ የሞተ እንቁራሪት ይወጣና ስንት የደከምንበት ውሃ ይደፋል። ክረምት ግን ጉድጓዱን አልፈራውም ነበር፣ ሲሞላ ፊቴን አይበት ነበርና።

የሚያስፈራው በጋ ነበር። ውሃው እየሸሸ ሄዶ ባልዲው ጭቃ ይዞ መውጣት ሲጀምር፣ ቀትር ላይ መቅዳት ይከለከላል፤ እናቴ ቀትር የውሃ ባለቤቶች የሚወጡበት ሰዓት ነው ትል ነበር፣ ስማቸውን ግን አትጠራም። በልግ ሳይዘንብ በቀረበት ዓመት፣ ሚያዝያ ላይ፣ ጉድጓዱ መተንፈስ ጀመረ። ቀልዴን አይደለም። ፀሐይ አናት ስትበሳ በክዳኑ ስንጥቅ ቀዝቃዛ ነፋስ እፍ እያለ ይወጣል፣ ጆሮ ለሰጠው ሰው ተኝቶ የሚተነፍስ ይመስላል። ማለዳ ደግሞ በተራው ወደ ውስጥ ይስባል፤ አንድ ቀን የዶሮ ላባ ስንጥቁ ላይ ባስቀምጥ ቀስ አድርጎ ዋጠው። ለማንም አልተናገርኩም፣ ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ክዳኑን በእጄ አልነካሁም።

በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ፣ ውሃው አልቆ ደለሉ ሲታይ፣ ጉድጓዱን የሚጠርገው አጎቴ ነበር። ደለሉ ካልወጣ ምንጩ ይታፈናል፣ ምንጩ ከታፈነ ደግሞ እስከ ቀበና ወንዝ እንስራ አዝሎ መመላለስ ነው። ለአወራረዱም ሥርዓት ነበረው፤ አስቀድሞ ጧፍ ለኩሶ፣ ጣሳ ውስጥ አቁሞ፣ በሲባጎ ያወርዳል፤ ታች ድረስ ከነደደ ይወርዳል፣ ከጠፋ አየሩ መጥፎ ነው ብሎ ክዳኑን ከፍቶ ሌላ ቀን ይጠብቃል።

ያን ዓመት እናቴ ፈራች። ትንፋሹን እሷም ሰምታው ኖሯል። «ባለቤቱ ነቅቷል፣ ታፈሰን እንዲህ አላወርደውም» አለችኝ፤ አባቴ እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰሙ የሚቆጡ ሰው ስለነበሩ ለሳቸው አልነገረቻቸውም። በጥርጊያው ቀን ማለዳ ሁለቱ ወንዶች ኪዳን ለማድረስ ጊዮርጊስ እንደሄዱ፣ ምድጃውን አንድዳ «ፍሙን አቀብዪኝ» አለችኝ። እኔ እያቀበልኳት የብረት ባልዲውን በከሰል ፍም ሞልታ፣ ከምንጃር ያመጣችውን፣ እባብም ጋኔንም ያባርራል የሚባለውን የወገርት ሥር በላዩ በትና፣ በሽቦ አንጠልጥላ ወደ ጉድጓዱ አወረደችው፤ ጭሱ እንዳይወጣም ክዳኑን ገጥማ ስንጥቁን ሁሉ በእበት መረገችው። ፍሙ ሲከስም ደግመን ሞላነው። በመጨረሻ ባልዲውን አውጥታ፣ እበቱን ፍቃ፣ «ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ» ብላ ጆሮዬን ያዝ አደረገችኝ። አባቴ ተመልሰው ጭሱ ቢሸታቸው «እንስራ አጥኜ ነው» አለቻቸው፤ እንስራ በየሳምንቱ ስለምታጥን ምንም አልጠረጠሩም።

ረፋዱ ላይ አጎቴ የመጀመሪያውን ጧፍ ሲያወርድ መሃል ሳይደርስ ጠፋ። አባቴ «በል ለዛሬ ይቅር» አሉ። እሱ ግን «ይሄ ጉድጓድ ሰሞኑን ጉንፋን ይዞት ያስነጥሳል፣ እሱ ነው ያጠፋው» ብሎ ሁለተኛውን በረጅም ጣሳ ከልሎ አወረደው። ያኛው ነበልባሉ አንሶ አንሶ የገብስ ፍሬ አከለ፣ ግን አልጠፋም። ወገርቱ ባለቤቱን አላስወጣውም ብዬ እጁን ያዝኩና «ጋሼ፣ አትውረድ» አልኩት።

«እሜቴን ቀበና ድረስ ውሃ ልላካት እንዴ?» ብሎ ስቆብኝ፣ ጠፍሩን በብብቱ ሥር አስሮ፣ ግድግዳውን በእግሩ እየረገጠ ወረደ።

እየወረደ መቀለድ ልማዱ ነበር፣ ያን ቀንም ጀምሮ ነበር። ከመሃል በኋላ ግን ቃሉ እየተጎተተ፣ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው እየተኮላተፈ ሄደና ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «እሺ» አለ።

«ምን አልክ?» አሉ አባቴ።

«እሺ፣ መጣሁ» አለ። ለአባቴ አልነበረም። ድምፁ ወደ ታች ዞሮ፣ ከሚወደው ሰው ጋር እንደሚነጋገር ለስልሶ ነበር። ከዚያ ሳቀ፣ ወዲያው ጠፍሩ በአባቴ እጅ ላይ ከበደ።

እናቴም ሮጣ ደርሳ ሦስታችንም ተያይዘን ጎተትን። ሲወጣ ፊቱ እንደ ሬሳ አልገረጣም፣ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር፤ መቅላቱ ይበልጥ አስፈራኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዓይኑን ገለጠ፣ ስሙን ግን አያውቅም ነበር። እናቴ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «ወገርቱን ባላጨስ ኖሮ አይለቀውም ነበር» አለች፤ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቆጧት ቀሩ። በሳምንቱ ጉድጓዱን በድንጋይ ሞሉት፣ ያን ክረምት ውሃ ከቀበና ተሸክመን ጠጣን።

አጎቴ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ቀልዱ ጠፍቶ፣ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥ ነበር። እናቴ እንደ ሕፃን እያጎረሰች፣ እያጠበች፣ እስኪሞት ዓመታት አኖረችው። ያ ክረምት አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ አንድ ቀትር አጠገቡ ጥጥ ስፈለቅቅ ዞር ብሎ፣ «ለምን ጠራሽኝ?» አለኝ።

«የት ጋሼ?»

«እዚያ ታች። መጣሁ እያልኩሽ ደጋግመሽ ጠራሽኝ።»

እኔ እላይ ነበርኩ። እያለቀስኩ ነበር። እንዲህ ብዬ ብነግረው ራሱን ነቀነቀ፣ አላመነኝም።

ስንት ዘመን አልፎ፣ ሐኪም ቤት ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰር የሆነው ልጄ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ፣ ቤት ዘግተው ከሰል አንድደው የተኙ ባልና ሚስት ፊታቸው ቀልቶ መሞታቸውን ነገረኝ። «ጉድጓድ ውስጥስ?» አልኩት። «እማዬ፣ ጉድጓድማ ይብሳል፣ የከሰሉ ጭስ መውጫ የለውም» አለኝ። እዚያው የቆምኩበት ተቀመጥኩ። አጎቴን ማን እንደጠራው ግን ልጄም አያውቅም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

እናቴ ያኔ አርጅታ፣ ዓይኗ ደክሞ፣ እኔው ጋ ነበረች፤ ታፈሰን ከባለቤቱ እጅ እንዴት እንደነጠቀችው ለመጣው እንግዳ ሁሉ ታወራ ነበር። ያን ምሽት «እኔ ባልኖር ታፈሰ እዚያው ቀርቶ ነበር፣ አይደል ልጄ?» አለችኝ። በልጅነቴ ስለ ፍሙ ዝም ያልኩት አባቴን ፈርቼ ነበር፤ አሁን አባቴ የሉም፣ የሚቆጣኝም የለም፣ ምላሴ ግን ያን ጊዜ ከከበደኝ ይበልጥ ከበደኝ።

«አዎ እማዬ፣ አንቺ ነሽ ያወጣሽው» አልኳት።

እጄን በዳበሳ ፈልጋ ይዛ ሳመችው። «ብቻዬን መቼ ሆነና» አለችኝ፣ «ፍሙን ያቀበልሽኝ አንቺ ነሽ።»