የብረቷ በር

ከጎዳናው መሃል ካለው የቀላል ባቡር ጣቢያ የሚሳፈር ሁሉ «ፊሽካ» ይላታል። የጣቢያው ተቆጣጣሪ ናት፤ ከቢጫው መስመር ያለፈ እግር ካየች ሚኒስትር ይሁን ሎተሪ አዟሪ አትለይም፣ ጆሮው ሥር ትነፋበታለች። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቷታል። በሰላም እወጣለሁ ብላ ታስብ ነበር፤ ሰላም ግን ከእሷ ጋር ተስማምቶ አያውቅም።

ጣቢያው ከግራም ከቀኝም መኪና ስለሚጋልብበት ሰው የሚገባውና የሚወጣው በድልድይ ነው። ደካሞችን እንዲያመላልስ የተተከለው ሊፍት ከቆመ ሰባት ወር ሆኖታል። ማዶ ደግሞ ክሊኒክ አለ። ስለዚህ በሽተኛ ሃምሳ አራት ደረጃ ወጥቶ፣ ሃምሳ አራት ወርዶ ነው ሐኪም የሚያየው፤ መንገድ ላይ ካልሞተ ማለት ነው።

ከመሳፈሪያው ጫፍ ለሠራተኛ ብቻ የምትከፈት ትንሽ የብረት በር አለች፤ በቀጥታ ወደ እግረኛ ማቋረጫው ታወጣለች። ቁልፏ ከፊሽካ ኪስ አይጠፋም። ምርኩዝ የያዘ፣ ነፍሰ ጡር፣ ጉልበቱ የከዳው ሲመጣ ትከፍታለች፤ ቀይ ባንዲራዋን ዘርግታ መኪናውን ታቆምና ታሻግራለች። ሾፌሮች ይሰድቧታል። እሷም አታሳድርላቸውም።

አዲሱ የጣቢያ ኃላፊ በዕድሜ ልጇ ይሆናል። አንድ ቀን ማስጠንቀቂያ በደብዳቤ ሰጣት፤ በሩን ሁለተኛ ለተሳፋሪ ከከፈተች ከሥራ ትሰናበታለች።

ቤት ስትገባ ተማሪዋ ልጇ ደብዳቤውን አንብባ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እማዬ፣ ሁለት ዓመት እኮ ነው። ዓይንሽን ጨፈን አድርጊ። ዝም አይነቅዝም።»

«እሱስ አይነቅዝም። የዛገው ሊፍቱ ነው» አለች እናት። አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ፈርታ ነበር። ጡረታው ከቀረ ሁለቱም ሜዳ ላይ ናቸው።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሽማግሌ በምርኩዝ ከባቡር ወረዱ፤ ደረጃውን ቀና ብለው አዩና ባሉበት ቆሙ። ምንም አላሏትም። ቢለምኗት ኖሮ ምናልባት ደብዳቤውን ታነብላቸው ነበር። በሩን ከፍታ አሻገረቻቸው።

ተመልሳ የዕለቱን መዝገብ አወጣች። ተረኛው የጻፈበትን ሁሉ ማታ ኃላፊው ይፈርምበታል፤ መዝገቡም በየሳምንቱ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። «ሦስት ሰዓት ከሩብ» ብላ ጀመረች። «ሊፍቱ ስለማይሠራ፣ ደረጃ መውጣት ላቃታቸው ሽማግሌ በሩን ከፍቻለሁ።» ከሥሩ ሙሉ ስሟን ጻፈች። እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰው መዘገበች።

ኃላፊው ሲያነብ ላብ አጠመቀው። ሊፍቱ ተጠግኗል ብሎ ለበላዮቹ ሪፖርት ያደረገው እሱ ነዋ፤ ይህን ደግሞ የማያውቅ ሠራተኛ የለም። አስጠርቷት የቢሮውን በር ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ ለምን እንጣላለን? ደብዳቤውን ልቅደደው። በሩንም እንደ ልብዎ ይክፈቱ፤ እኔ አላየሁም። ብቻ አይጻፉት።»

ልጇ ትዝ አለቻት። እሺ ካለች ጡረታዋ አይነካም፤ ሽማግሌውም ይሻገራሉ። ማን ይጎዳል? ከዚያ ግን እሷ የማትኖርበትን ቀን አሰበች፤ በሩ ተቆልፎ፣ ሊፍቱም በወረቀት ላይ ብቻ ሲወጣና ሲወርድ። ተናደደች፣ ከምር ተናደደች።

«እሑድ እሑድ ዕረፍት ነኝ» አለችው። «እሑድ ማን ሊከፍትላቸው ነው?»

«እሱን እንነጋገርበታለን…»

«እኔ በር እየከፈትኩ፣ እርስዎ ሊፍት ጠጋኝ ተብለው ሊኖሩ?»

መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበችና ቆማ፣ ጮክ ብላ እያነበበች ጻፈች። «አሥራ ሁለት ሰዓት። ኃላፊው በሩን ይክፈቱ፣ ግን አይጻፉ ብለውኛል። አልተስማማሁም።» እስክሪብቶውን ላዩ ላይ አድርጋ ገፋችለት።

«ይፈርሙ» አለችው። «ወይም ያባርሩኝ። መባረሬም የሚጻፈው እዚሁ ነው።»