«ሆዴን» ስል የቱ ጋ እንደሆነ

መጀመሪያ የተሰማኝ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለው ማሳችን በርበሬ ስንለቅም ነው። ጎንበስ እንዳልኩ ከእምብርቴ በታች በስተቀኝ ወጋኝ። ተቀመጥኩ። አለፈልኝ። በሳምንቱ ተመለሰ።

በእኛ አገር ሴት ልጅ ከእምብርቷ በታች ያመማትን ሁሉ «ሆዴን» ነው የምትለው። ጤና ጣቢያ ሄጄም ይህንኑ አልኩ። ባለሙያው ወንድ ስለሆነ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም። የጨጓራ መድኃኒት ሰጠኝ። አልተሻለኝም። ሁለተኛም ያንኑ ሰጠኝ። በሦስተኛው ሳይመረምረኝ «ምን ላድርግሽ፣ የቡሬ ሰው በርበሬ አልቀንስ ካለ» ብሎ ሳቀ። ወረፋ የያዙትም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ቢያመኝም ዝም አልኩ።

አንድ ቀን ጠዋት አስመለሰኝ። መቆም አቃተኝ። እናቴ ደግፋ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም፣ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

የተቀበሉኝ ሐኪም ሴት ናቸው። አልጋው ላይ ውጪ ሲሉኝ እንቢ አልኩ። የክኒኑን ባዶ ማሸጊያ ከነጠላዬ ጫፍ ፈትቼ ጠረጴዛቸው ላይ በተንኩት።

«እናንተ ሰው አትሰሙም። ያው ክኒን ከሆነ ልሂድ» አልኳቸው።

በራሴ ድምፅ ደነገጥኩ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

አልተቆጡም። ብዕራቸውን አስቀምጠው ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ስናገር አላቋረጡኝም። የጤና ጣቢያውን ሰውዬ አላሙትም፣ አልተከራከሩለትምም።

«ሦስት ጊዜ መጥተሽ ሲሳቅብሽ ሆድ ቢብስሽ እውነት አለሽ። ስላልሰማንሽ ይቅርታ አድርጊልን» አሉኝ።

እሳቸው ምንም አላደረጉኝም። «ስላልሰማንሽ» ማለታቸው ግን አስለቀሰኝ። እናቴን ውጭ እንድትጠብቅ በትሕትና ለመኗት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሆድ ስትዪ የቱ ጋ ነው? በቃል ካፈርሽ በእጅሽ አሳዪኝ» አሉ።

እጄን ቦታው ላይ አደረግኩ።

በአልትራሳውንድ ሲታይ ኦቫሪያን ሲስት ነው፤ እንቁላል ማምረቻዬ ላይ ያደገ፣ ውኃ የቋጠረ እጢ። ተጠምዝዞ የደም መንገዱን ዘግቶታል። ብንዘገይ እንቁላል ማምረቻዬን አጣው ነበር። ገና ልጅ አልወለድኩም። በዚያው ቀን ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ተረፈልኝ።

ቁስሉ እስኪጠግግ ከባድ ነገር ሳላነሳ፣ መጀመሪያ እስከ ደጃፉ፣ ቀጥሎ እስከ ጎረቤት፣ በኋላም እስከ ማሳው ጫፍ እየተራመድኩ፣ ቀጠሮዬንም አንድ ሳላስቀር ለሚቀጥለው ለቀማ ደረስኩ።

እኒያን ሐኪም እግዜር ይስጥልኝ። እንደ እኔ የምታፍሩ እህቶቼ፣ «ሆዴን» ብላችሁ አታቁሙ። ቃሉ ካስቸገራችሁ እጃችሁን የሚያማችሁ ቦታ ላይ አስቀምጡ። አንዱ ቢስቅባችሁ ሌላ ዘንድ ሂዱ እንጂ እንደ እኔ ዝም አትበሉ።

ትናንት አጠገቤ ስትለቅም የነበረችው እናቴ ቀስ ብላ «እኔንም እኮ ሆዴን ያመኛል» አለችኝ። የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቅኳት። ዙሪያዋን ቃኝታ እጇን ከእምብርቷ በታች አስቀመጠች። ሰኞ አብረን ፍኖተ ሰላም እንሄዳለን።