ለጓደኛዬ ነው

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቁ ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ግሩፑ ውስጥ ግን እትዬ ካውያን የማያውቅ የለም። አርባ ሺህ ሴቶች ስለ ጤናና ስለ ቤተሰብ የሚመካከሩበት ግሩፕ ነው፤ ወንዶችም አይጠፉም፣ በሚስቶቻቸው ስም ተደብቀው ይገባሉ። ፕሮፋይሏ ላይ የራሷ ፊት የለም። ያለው የሥራ ቦታዋ ካውያ ነው፣ እጀታው ላይ ጨርቅ የተጠመጠመበት፤ ቅጽል ስሙም የወጣላት ከዚያ ነው።

ሥራዋ ልብስ መተኮስ ነው። አንድ ላውንደሪ ጓዳ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ቆማለች። የሚመጣላት ልብስ ባብዛኛው የሐኪም ጋዎን ነው። ሐኪሞቹን በመልክ አታውቃቸውም፤ የማን ኪስ በስክሪብቶ እንደሚበላሽ፣ የማን ሆድ ቁልፍ እንደሚበጥስ ግን ጠንቅቃ ታውቃለች። የሕክምና ትምህርቴ ይኸው ነው እያለች በራሷ ትቀልዳለች።

ታዲያ ምክሯ ለምን ተወደደ ቢባል፣ መድኃኒት አታዝም። ሌላው ዘሎ ይሄን ጠጪ፣ ያንን ተቀቢ ሲል፣ እሷ መጀመሪያ ትጠይቃለች። ከመቼ ጀምሮ ነው? እየባሰ ነው ወይስ ያው ነው? ቤት ውስጥ ማን አብሮሽ አለ? በአማቷ ለተማረረችም መልስ አላት፤ ለባልሽ የምትነግሪው በልቶ ከጠገበ በኋላ ነው፣ በር ላይ በስሞታ እንዳትቀበይው ትላለች። የሕመም ጥያቄ ከሆነ ግን መዝጊያዋ ሁሌም አንድ ነው። «ሐኪም ዘንድ ብቻሽን እንዳትሄጂ፣ ሰው ይዘሽ ሂጂ።» የደነገጠ ሰው ሐኪሙ ከሚለው ግማሹን አይሰማም፤ ያን ግማሽ የሚሰማለት ሌላ ጆሮ ያስፈልገዋል ባይ ናት።

ግሩፑ ውስጥ የገባችው እናቷ አልጋ ላይ የወደቁ ጊዜ ነበር። የጀርባቸው ቁስል አልደርቅ ቢላት ጠየቀች፤ አንዲት የማታውቃት ሴት በየሁለት ሰዓቱ እንዴት እንደምታገላብጣቸው ቁጭ ብላ ጻፈችላት። እናቷ ካረፉ አራት ዓመት ሆናቸው። ያቺ ሴትም ከግሩፑ ጠፋች። እሷ ግን ቀረች፤ ከሥራ ወጥታ ወደዚያች አንድ ክፍሏ ስትገባ እንዴት ዋልሽ የሚላት ሌላ ሰው የለማ። አልጋዎቹ ዛሬም ሁለት ናቸው። የእናቷን አልጋ ባዶውን ላለማየት የታጠበ ልብስ ትከምርበታለች። ስልካቸውንም አልጣለችም፤ ቁጥሩ እንዳይዘጋ አልፎ አልፎ ካርድ ትሞላበታለች።

ከሁለት ወር በፊት፣ አንድ ጠዋት ስትታጠብ፣ ግራ ብብቷ ሥር ጣቷ አንድ ነገር ነካ። አተር የሚያህል፣ የማያም ነገር ነው። የካውያው ድካም ነው ብላ አለፈችው። ካውያ የምትይዘው በቀኝ እጇ መሆኑ ግን አልጠፋትም። ሁለተኛው ወር ላይ አተሩ ባቄላ አከለ።

ይህን ጥያቄ ሌላ ሴት ብታመጣው ዓይኗን ጨፍና ትመልሰው ነበር። ለራሷ ሲሆን እጇ እምቢ አለ። በዚያ ስሟ ልትጠይቅ አፈረች፤ የሰው መካሪ ለራሷ ሁለት ወር ዝም አለች መባሉን አልወደደችውም። ከሐፍረቱ በላይ ግን ፍርሃት ነው የያዛት። በመጨረሻ የእናቷን ስልክ ይዛ ሥራ ገባች። በምሳ ሰዓት «አንዲት እህት» የሚል አዲስ አካውንት ከፈተችበትና ጻፈች።

«ለጓደኛዬ ነው። ብብቷ ሥር እብጠት አግኝታለች። ሁለት ወር ሆናት፣ አያማትም። ምን ላድርግላት?»

ለጓደኛዬ ነው የሚል ጥያቄ ግሩፑ ውስጥ በቀን ሃያ ይመጣል። ጓደኛዋ ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም፤ የግሩፑ ጨዋነት እሱ ነው። ኮሜንቱ ተከታተለ። አንዷ ቅጠል ቀጥቅጠሽ እሰሪላት አለች። ሌላዋ እኔም ነበረኝ በራሱ ጠፋ አለች። ከዚያ ጥሪው ጀመረ። «እትዬ ካውያን ጠብቂ።» «እትዬ ካውያ የት አለሽ?» «እሷ ሳትመልስልሽ ምንም እንዳትነኪ።» በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሠላሳ ሰው ጠራት። የራሷ ስልክ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ እየተንቀጠቀጠ ወደ ጠርዙ ይሄድ ጀመር።

ከፊት ለፊት ልብስ የምትረከበው ተቀባይ መጋረጃውን ገልጣ ብቅ አለች። ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል፣ ባብዛኛው በመጋረጃ በኩል።

«ዛሬ ምነው ተፈለግሽ? ሎተሪ ደረሰሽ እንዴ?»

«ያው ጠያቂዎቼ ናቸው።»

«ፊትሽ ግን ልክ አይደለም።»

«እንፋሎቱ ነው» አለች። እውነቱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ደንበኛ ጠራና ተቀባይዋ ስድስት ሸሚዝ አንጠልጥላ ተመለሰች።

እንግዲህ ማምለጫ የለም፤ ሠላሳ ሰው ቆሞ እየጠበቃት ነው። ካውያዋን ስትተኩሰው የነበረው ጋዎን ላይ እንዳስቀመጠች የራሷን ስልክ አነሳችና እንደ ልማዷ ጠየቀች። «እየባሰ ነው ወይስ ያው ነው?» አስቀመጠችው። የእናቷን ስልክ አነሳች። «አድጓል።» እንደገና የራሷን። «ቤት ውስጥ ማን አብሯት አለ?»

ይህን ጥያቄ ለስንት ሴት እንደጻፈችው ቁጥሩን አታውቀውም። ማንም ጠይቋት ስለማያውቅ ግን እንዴት እንደሚከብድ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ሁለቱን ስልኮች እያየች ቆመች። የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ሲመጣባት ነው የባነነችው፤ በአሥራ ስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጋዎን አቃጠለች። ካውያውን አነሳች። ደረቱ ላይ ቡናማ ምልክት ቀርቷል። ከዚያ በእናቷ ስልክ መለሰች።

«እኔ አለሁ።»

በራሷም ስልክ መዝጊያዋን ጻፈች። «እንግዲያው ነገ በጠዋት ይዘሻት ሂጂ። ብቻዋን እንዳትሄድ።»

ሁለት መቶ ሰው የልብ ምልክት አደረገበት። አንዷም ከሥር «ጓደኛሽ ታድላለች» ብላ ጻፈች።

ለተቀባይዋም ያንኑ ነገረቻት። ነገ አረፍዳለሁ፣ ጓደኛዬን ሐኪም ቤት ላደርስ ነው አለቻት። ተቀባይዋ ጓደኛ እንዳለሽም አላውቅም ነበር ብላ ሳቀች፤ ክፋት የለባትም።

በማግስቱ ያገኘችው ሐኪም ወጣት ነው። የጋዎኑ አንገትጌ የእሷ እጅ ሥራ እንዳልሆነ ገና ከበር ለየችው፤ ቸኩለው ነው የተኮሱት። ብብቷን ዳሰሰ፣ አልጋው ላይ አስተኝቶ በማሽን አየ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ያስረዳት ጀመር። ይወጣል አለ። ይመረመራል አለ። አሁን ላይ ምንም ማለት አይቻልም አለ። ማክሰኞ አለ። ሌላም ብዙ ነገር አለ፤ እሷ የምታየው ግን አንገትጌውን ነበር። እሺ፣ እሺ ስትል ቆይታ ወጣች። ግማሹን የሚሰማላት ሰው አልነበረም።

ቀጠሮ የሚያዘው በመስተዋት መስኮት ነው። ከውስጥ ያለችው ጸሐፊ ወረቀቱን ተቀብላ አየችው።

«እናቴ፣ ማክሰኞ ማደንዘዣ ስለሚወስዱ ሰው ይዘው ነው የሚመጡት። ተጠሪ ማን ልበል?»

«ጓደኛዬን።»

«ስልኳን ይንገሩኝ።»

በቃሏ የያዘችው ሌላ ቁጥር የላትም። የእናቷን ቁጥር ነገረቻት። ተጽፎ የሚቀር መስሏታል። ጸሐፊዋ ግን የጠረጴዛውን ስልክ አንስታ ቁጥሩን መምታት ጀመረች።

«አሁኑኑ ይደወላል እንዴ?»

«ዝም ብሎ ቁጥር የሚሰጠን ሰው በዛብን፣ ምን እናድርግ።»

እናቷ ጆሯቸው ይከብድ ስለነበር የስልኩ ድምፅ እስከ መጨረሻው የተከፈተ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ አምባረቀ። ወንበር ላይ የተደረደረው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ስልኩን ፈልጋ አወጣችና ጀርባዋን ለመስተዋቱ ሰጥታ አነሳችው።

«አቤት» አለች።

የጸሐፊዋ ድምፅ ሁለት ጊዜ መጣላት፤ አንዱ በስልኩ፣ አንዱ ከኋላዋ በመስተዋቱ ቀዳዳ።

«ከሐኪም ቤት ነው። ማክሰኞ ቀጠሮ ያላቸው አንዲት እናት አሉ። ተጠሪያቸው እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ምናቸው ነዎት?»

«ጓደኛዋ ነኝ።»

ጸሐፊዋ ጀርባዋን እያየቻት እንደሆነ አውቃለች፤ አልዞረችም። ስልኩ ግን አልተዘጋም። ያው ድምፅ መጣ፣ ዝግ ብሎ፣ ከኋላ የማይሰማ ሆኖ፣ በስልኩ ብቻ።

«ብቻቸውን እንዳይመጡ፣ እሺ?»

«ብቻዋን አልልካትም» አለች። «እኔ አለሁ።»