ወፍራሙ ፑንታ

በዚያ ቀን ብረት ከምንቀጠቅጥበት ጎጆ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። ባለቤቴ ብረት ከሚመታበት መስፍ አጠገብ ቆሞ፣ የመጀመሪያ ልጄ መብሻውን ትራፓኖ ይዞ፣ የደብሩ ገበዝ በር ላይ ካለው ጉቶ ተቀምጠው፣ እኔ ደግሞ ወናፉን እየነፋሁ። የአርብ ገበያው ነጋዴ አልነበረም፤ እኔ ግን ሁልጊዜ አብሬ እቆጥረዋለሁ። የነገረኝ ቃል በእኔ ሆድ ውስጥ ሆኖ እዚያው ነበርና።

ልጄ የግራ ዓይኑን ያጣው በዚያ ቀን ነው። እንዴት እንዳጣው በትክክል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነበር። ቤታችን ታች ጋይንት ነው፣ ከአርብ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ። እኛ ቀጥቃጮች ነን፤ ማረሻና ማጭድ እንሠራለን። ሰው ማረሻውን ሲቀበል ይመርቀናል፣ ያዘለችውን ልጅ ግን ከእኛ ፊት በነጠላ የምትሸፍን እናት ብዙ ናት። ልጄ ይህን እያየ አደገ። ካደገ በኋላ ደብረ ታቦር ሄዶ አንድ ዓመት ሠራና ትራፓኖ ይዞ ተመለሰ። በደረት ተደግፈው እጀታውን በእጅ የሚያዞሩት፣ አፉ ላይ ፑንታ የሚሉት ስለታም የመብሻ ዘንግ የሚሰካበት የብረት መብሻ ነው።

«ከእንግዲህ ቀጥቃጭ አይሉኝም፤ መካኒክ ነው የሚሉኝ» አለ።

«ቀጥቃጭ ሲልህ የኖረ አፍ መካኒክ ለማለት አዲስ ጥርስ ያበቅላል?» አለው አባቱ። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን ልጄ ከልቡ እንደተናገረ አውቄያለሁ።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ የደብሩ እቃ ቤት በር ሆነ። ወፋፍራም ዝርግ ብረቶች ተበስተው በሳንቃው ላይ በሚስማር ይመታሉ። በእሳት አግለን ስንበሳው ጠርዙ እየተሰነጠቀ አስቸግሮን ስለነበር ገበዙ በትራፓኖው እንዲሠራ ፈቀዱ። ነገር ግን ልጄ ይዟት የመጣው ፑንታ ዶለዶመች። ማጭድ ይዤ አርብ አርብ ገበያ የምወጣው እኔ ስለሆንኩ፣ አዲሱን መርጬ እንዳመጣ ለእኔ ተነገረኝ።

ልጄ አንድ ዘንግ ሰንበሌጥ ቆርጦ በትራፓኖው አፍ ከተተው፣ ልክ ሆኖ ሲገባ አውጥቶ ሰጠኝ።

«እናትዬ፣ ከዚህ የወፈረ አታምጪ። የቀጠነ ቢሆን ግድ የለም፣ አፉ ጠብቆ ይይዘዋል። የወፈረ ግን አይገባም።»

ሰንበሌጡን በመቀነቴ ጠቅልዬ ሄድኩ።

ነጋዴው እቃውን ከደሴ በበቅሎ የሚያመጣ እስላም ነበር። በጆንያ ላይ ቁልፍ፣ መርፌ፣ ሞረድና ፑንታ ዘርግቷል። ለብረት የሚሆነው ሁለት ብቻ ነበር፣ አንድ ቀጭን፣ አንድ ወፍራም። ሰንበሌጤን ከሁለቱም ጋር አስተያየሁት። ቀጭኑ ልኩ ነበር። ይህን አየሁ፤ አላየሁም ማለት አልችልም።

ነገር ግን እኔ ልጆቼ ምንጭ ሲወርዱ የእንስራውን ገመድ ሁለቴ ስቤ የምፈትን ሴት ነኝ። ያን ቀጭን ነገር በጣቴ ሳገላብጠው፣ ተሰብሮ ወደ ልጄ ፊት ሲፈናጠር ታየኝ። ወፍራሙን አነሳሁ።

«እታለም፣ ሰንበሌጥሽን አላመንሽውም እንዴ?» አለኝ። «የሚገባልሽ ያኛው ነው።»

«ያኛው ይሰበራል።»

«ይሄኛው ደግሞ አይገባልሽም።»

«እኛ ቤት የማይገባ ብረት የለም። በእሳት እናቀጥነዋለን።»

ሳቁን ተወው። «ኧረ ተይ! ይህ እኮ እሳቱን ከፋብሪካ ጨርሶ የመጣ ነው። ዳግመኛ እሳት ካየ እንደ ጠርሙስ ነው የሚሆነው። ለባለቤትሽ ንገሪው።»

«ቀጭኑ አልሸጥ ብሎህ ነው አይደል?»

«ወላሂ አይደለም! ቀጭኑን ለሌላ እሸጠዋለሁ። ያሰብኩት ለእናንተ ነው።»

አላመንኩትም። የገበያ ሰው ሁሉ በሐሰት የሚምል መሰለኝ። ወፍራሙን ይዤ ተመለስኩ።

ሰኞ ጠዋት ልጄ ሞከረው፤ አልገባም። ቀና ብሎ አየኝ።

«ሰንበሌጡስ?»

«መንገድ ላይ ተሰበረብኝ» አልኩ። ሰንበሌጡ ግን በመቀነቴ ውስጥ ነበር።

«ምን አለበት» አለ ባለቤቴ፣ ፑንታውን በጉጠት እየያዘ። «የሚሰካውን መጨረሻ አቅጥነን እናስገባዋለን። አንቺ፣ ወናፉን!»

ገበዙም የበሩን ነገር ለማየት የደረሱት ያን ጊዜ ነው። ወናፉን ያዝኩ። የነጋዴው ቃል እስከ ጉሮሮዬ መጣ። ብናገር ልጄ «ታዲያ እያወቅሽ ለምን አመጣሽው?» ሊለኝ ነው፤ ውሸቴም በካህን ፊት ሊወጣ ነው። ዋጥኩትና ነፋሁ። ፍሙ ቀላ። ባለቤቴ መጨረሻውን ቀጥቅጦ አቀጠነው፣ ከዚያም እንደ ማጭድ ስለት መላውን በገንዳው ውሃ ነከረው። ቸስ ብሎ ጮኸ።

«አባቴ፣ ውሃው ባይነካው ይሻል ነበር» አለ ልጄ።

«እኔ ማጭድ ውሃ ሳጠጣ አንተ አልተወለድክም።»

አሁን የትራፓኖው አፍ ያዘው። ልጄ ትራፓኖውን በደረቱ ተደግፎ ማዞር ጀመረ፣ ብረቱም ሲጢጥ ሲጢጥ አለ።

«ይኼ የአይጥ ጩኸት ነው የእቃ ቤታችንን በር የሚበሳው?» አሉ ገበዙ።

«ትንሽ ይታገሡኝ አባቴ፤ ይህች አይጥ ብረት ትበላለች።»

የመጀመሪያው ቀዳዳ ወጣ፤ ክብ፣ ጠርዙ ያልተሰነጠቀ። ገበዙ ጠርዙን በጣታቸው ዳስሰው «ድንቅ ነው፤ እውነትም መካኒክ!» አሉ። ልጄ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እኔም ነጋዴው ዋሽቷል ብዬ እፎይ አልኩ።

ሁለተኛው ላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ልጄ ትራፓኖውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠና በግራ እጁ ዓይኑን ሸፈነ።

«እናትዬ፣ አንድ ነገር ገባብኝ» አለ።

ገበዙ ጸለዩለት፣ ጠበልም ወሰድነው። ስንጥሩ ወጣ፣ ዓይኑ ግን ነጣ። መንደሩ ወሬ አላጣም። «የቀጥቃጭ ዓይን ሰው ቢያጣ ራሱን በላ» አሉ፤ እንዲሰማ አድርገው። ባለቤቴ ደግሞ ተናዶም አዝኖም «ከመጠን በላይ ተጫንከው» አለው።

«አዎ፣ ተጫንኩት» አለ ልጄ።

ይህን ሲል አጠገቡ ሽሮ እያማሰልኩ ነበር። ማማሰሉን አላቆምኩም።

መስከረም ሲጠባ ትራፓኖውን በጨርቅ ጠቅልሎ በመስፉ ላይ ትቶት ወጣ፤ ዳግመኛ ብረት አልበሳም አለ። እስከ ወንዙ ሸኘሁት። ዛሬ እነግረዋለሁ እያልኩ ሄጄ፣ እዚያ ስንደርስ ጋቢውን አስተካከልኩለት፣ ስንቁን እንዳይረሳ ነገርኩት፣ ተመለስኩ። በወገዳ አልፎ ወደ እስቴ ሲሄድ ያየው ሰው ነበረ። ከዚያ ወዲያ የሰማሁት የለም። ባለቤቴ ልጁ በራሱ እጅ ጥፋት እንደተጎዳ አምኖ ሞተ። ለእሱም አልነገርኩትም።

በልጅነቴ ከቄስ ትምህርት ቤት የቆጠርኩት ፊደል ይህን ለመጻፍ ብቻ ይበቃኛል። ሰንበሌጡ አሁንም እኔ ዘንድ ነው፤ ደርቋል እንጂ አልተሰበረም።

ልጄ ረዥም ነው፣ የግራ ዓይኑ ነጭ ነው፣ ቀኝ አውራ ጣቱ ላይ የእሳት ጠባሳ አለው። ያየው ሰው ካለ፣ «አንተ አልተጫንከውም፣ ጥፋቱ የእናትህ ነው» ይበልልኝ። በሕይወት መኖሩንም፣ የት እንዳለም ይላክልኝ። አርብ ገበያ ለማጭድ ሻጮቹ የተነገረ ይደርሰኛል።