ሠርጌን ያዘገዩት ኃያላን

ሠርጌን ያዘገየችው ሞስኮ ናት፤ ዋሽንግተንም አግዛታለች። ይህን ስናገር ልጆቼ ይስቁብኛል፤ ያኔ ግን ለእኔ የሚያስቅ አልነበረም።

ያጨኋት ልጅ አባቷ በሕይወት የሉም። በኒካው፣ በጋብቻ ውሉ ላይ፣ በአባቷ ቦታ ወሊ ሆኖ የሚድራት የአባቷ ወንድም ነበር፤ እሱ ደግሞ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በተዋጉ ጊዜ ከድንበሩ ማዶ፣ ሶማሊያ ቀርቷል። በድብቅ ቢሻገር ሰላይ ተብሎ ይታሰራል። ቃዲው ሊተኩት እንደሚችሉ ነግረውን ነበር፤ እናቷ ግን "አጎቷ በሕይወት እያለ ልጄን ዘመድ እንደሌላት አልድርም" ብለው አሻፈረኝ አሉ።

ጠቡ የእኛ የጎረቤታሞቹ ብቻ ቢሆን፣ ድሬዳዋ ላይ ጫት ይዘን ከተቀመጥንበት ከአንድ በርጫ አያልፍም ነበር። መጀመሪያ ሞስኮ ሶማሊያን፣ ዋሽንግተን እኛን ታስታጥቅ ነበር። ከዚያ ካርታ ተጫዋቾች መሐል ጨዋታ ላይ ወንበር እንደሚለዋወጡ ተለዋወጡና ማስታጠቃቸውን ቀጠሉ። እኔ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ የውጭ ዜና አድማጭ ያደረገኝ ፍቅር ነው።

አንድ ቀን ሬዲዮው የሁለቱ ኃያላን መሪዎች ተገናኝተው እንደተጨባበጡ አወራ። እናቷ እልልታውን አቀለጡት።

"ትልልቆቹ ከታረቁ ትንንሾቹ ምን ቀራቸው?" ብለው ለድግሱ ሐልዋ አዘዙ።

"እማማ፣ እርቁ እኮ የእነሱ ነው፤ እዚህ ገና አልደረሰም" አልኳቸው።

"አቦ አታሟርትብኝ" አሉኝ። ወዲያው ድንበር በማያግደው የኮንትሮባንድ ነጋዴ በኩል "ትልልቆቹ ታርቀዋል፤ ቶሎ ና" ብለው ለአጎቷ ላኩበት።

ድንበሩ እንደተዘጋ ስለነበር አጎትየው አልመጣም፤ ሐልዋውን እኛው በላነው። ግን ወራት አልፈው፣ ከኋላ የሚገፋቸው የኃያላኑ እጅ ሲላላ፣ ሁለቱ ጎረቤት መንግሥታትም ተስማሙ፤ መንገዱ ተከፈተ፤ አጎትየው መጣ። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ አስከትሏል። ገና ጫማውን ሳያወልቅ "ከልጁ ቤተሰብ ጋር ያጣላችሁ ምንድን ነው?" ሲል ተቆጣ። ለካ መልእክቱ ሲደርሰው "ትልልቆቹ" የተባሉት የቤተሰቦቻችን ትልልቆች መስለውት፣ ተጣልተው የታረቁ ብሎ አስቧል። ሽማግሌውን ያመጣቸው እርቁን እንዲያጸኑልን ነው።

እናቷ ግራ ገባቸው። "እኛ? ወላሂ፣ እኛማ ከማንም አልተጣላንም።"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። አጎትየው ግን ትንሽ ልጅ ሆና የተዋትን ሙሽራዬን ትክ ብሎ አያት።

"ካልተጣላን ታዲያ፣ ይቺ ልጅ እኔ ሳላያት እንዴት ይህን አከለች?" አለ።

 ሽማግሌውም የሚያስታርቁት ሰው ስላጡ፣ በማግስቱ የኒካችን ምስክር ሆኑ።