«በሞቴ» የማይባልበት ቢሮ

ልጅ እያለሁ የዛፍ ጥላ ይከራይ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ካርቱም፣ ካላክላ ገበያ ዳር አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ነበር፤ አባዬ ሥሩ የስፌት መኪናውን አቁሞ ይሠራል። መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ በየዓመቱ ለመሐሊያው፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ማለቴ ነው፣ ይከፈልበታል። ዛሬም የኒም ቅጠልና የመኪና ዘይት ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ፣ አባዬ እግሩን ፔዳሉ ላይ አድርጎ «ነይ እስቲ ክሩን አስገቢልኝ፣ ዓይኔ እምቢ አለኝ» ሲለኝ ይሰማኛል።

አገር ቤት አስተማሪ ነበር፤ ስፌት የተማረው በስደት ነው። አንድ ጠባዩ ግን ድንበሩን አብሮት ተሻግሯል፦ ሲሰጡት ይግደረደራል። እኛ ቤት በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ማለት ነውር ነው። ጎረቤት ምግብ ሲያቀርብልን ሆዳችን እየጮኸ «በልተናል» እንላለን፤ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እስክንባል። የሚገርመው ሱዳኖቹም ከእኛ አይሻሉም። ቤታቸው ከገባችሁ ወላሂ እያሉ ሳያበሏችሁ አይለቋችሁም። ስለዚህ አባዬ በዚህ ጠባዩ አንድም ቀን ጦሙን አድሮ አያውቅም ነበር።

ያን ዓመት እማዬ ታማ ከረመች። ያለን ሁሉ ለመድኃኒት ሄደና የቦታው ክፍያ አለፈን። ካልተከፈለ ደግሞ ከሻ አለ፤ ፖሊሶቹ በሎሪ ይመጡና መንገድ ዳር ያገኙትን ዕቃ አፍሰው ይሄዳሉ። የስፌት መኪናዋ ከተወሰደች ጉሮሯችን ተዘጋ ማለት ነው። አባዬ የዘንድሮው እንዲቀርለት አመለከተ። ሳምንቱን ሙሉ የሚናገረውን በዓረብኛ ሲለማመድ ሰነበተ፤ እኔ እዚያው የተወለድኩት እየሳቅሁ አርመዋለሁ።

በቀጠሮው ቀን የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ መሐሊያው ይዞኝ ሄደ። ክፍሉ በሰው ታጭቋል፤ ላብና የትምባሆ ሽታ ያፍናል። ማመልከቻ የሚያየው ኮሚቴ ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተደርድሯል። አንዱ ግቢው ውስጥ ዳቦ ቤት ልክፈት ይላል፣ ሌላው ለአህያ ጋሪዬ ማቆሚያ ስጡኝ ብሎ ይጮኻል፣ አንዷ መሬት ተቀምጣ ታለቅሳለች። የኛ ተራ ደረሰ።

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበረም። ምነው ክፉ በሆነ! ወረቀቱን አየ፣ አባዬን አየና፣ «አንተ ልብስ ሰፊው፣ ሚስትህ ታማለች አሉ። የዘንድሮው ይቅርልህ?» አለው።

አባዬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ላ፣ ላ፣ ኧረ እናንተን አላስቸግርም» አለ።

ብሎም ቆሞ ጠበቀ። ምን እንደሚጠብቅ እኔ አውቃለሁ። «ወላሂ ይቀርልሃል!» እስኪባል ነው። ሰውየው ግን ከልቡ የተናገረ መሰለው፣ ደስም አለው። «ጣይብ፣ መልካም፣ አላህ ይባርክህ፣ ወንድ ነህ» አለና ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገው። «ያላ፣ ቀጣይ!»

ውጭ ፀሐይ ላይ ቆምን። «አባዬ፣ ተመለስና እሺ በለው!» ብዬ እጁን ጎተትኩት። «ከአፌ ያወጣሁትን መልሼ ልዋጠው? ምን ይሉኛል?» አለኝ። አንድ ጊዜ ወደ በሩ ሄደና ተመለሰ። አቤት ይሉኝታ፣ ስንቱን ቤት አፍርሰሃል! እማዬ ስትሰማ አልጮኸችም። ወደ ግድግዳው ዞራ «ገደልከን» አለችው።

ከሻው መጣ። የስፌት መኪናዋን አንጠልጥለው ሎሪው ላይ ሲወረውሯት የአንድ ሽማግሌ ጀለቢያ ግማሹ ተሰፍቶ ከመርፌዋ ሥር እንደተያዘ ነበር። አባዬ «የሰው ልብስ ነው! እሱን እንኳ ስጡኝ!» እያለ ከኋላ ሮጠ። ያኔ አልተግደረደረም፤ የሰማው ግን የለም። ከዚያ በኋላ አል-ማንሺያ ሰፈር የአንድ ሀብታም በር ጠባቂ ሆነ፤ እዚያው በር ላይ አረጀ፣ ሞተ።

ካደግሁ በኋላ የሱዳኑ ጦርነት ከካርቱም አሸሸን፤ ከከተማው ሲርቅ እኔ ልጆቼን ይዤ ወደ ካላክላ ተመለስኩ። ዞሬ ዞሬ ስፌት ላይ ወድቄያለሁና ያንኑ ቦታ ለመጠየቅ መሐሊያው ሄድኩ። የደከመው ባለሥልጣን «የዘንድሮው ክፍያ ይቅርል...» ሲል አላስጨረስኩትም። «አይዋ! ይቅርልኝ!» አልኩ፤ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እስኪያየኝ። ሰጠኝ።

ሄጄ ሳየው ኒሙ የለም። በጦርነቱ ጊዜ ሰው ለማገዶ ቆርጦታል። ያኔ ለጥላው እንከፍል ነበር፤ ዛሬ መሬቱን በነፃ ሰጡኝ፣ ጥላው የለም፣ ልብስ የሚያሰፋም ሰው የለም። መኪናዬን ጉቶው አጠገብ አቁሜ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሰው እንኳ አልመጣም፤ ለልጆቼ ምን ይዤ እንደምገባ አላውቅም ነበር።

ወደ ማታ የድሮ ጎረቤታችን ሐጃ ውሃ በጣሳ ይዘው መጡ። ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «አይ ሐጃ፣ አላስቸግርዎትም» አልኳቸው።

«ወላሂ ትጠጪያለሽ!» አሉና ጣሳውን አፌ ላይ ደቀኑት።

ጣሳውን ይዤ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሐጃ በረሃብ መስሏቸው ዳቦ ሊያመጡ ሮጡ። አንዲት ወላሂ እኮ ናት! ያን ቀን አባዬን እንዲህ የሚለው ሰው ጠፍቶ ነው በሰው በር ቆሞ ያረጀው።