የመስከረም ሦስት ሳምንት

ልጄን ለዩኒቨርሲቲ ማዘጋጀት የጀመርኩት አንደኛ ክፍል ስትገባ ነው። በዚህ አላፍርም፤ የማፍርበት ሌላ ነው። ሸማ ተራ ውስጥ ነጠላና ጋቢ እሸጣለሁ። ያን ዓመት ከሸማኔ ከተረከብኩት መካከል ፈትሉ ወፈር፣ ጥለቱ ቀጠን ያለ አንድ ጋቢ መርጬ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ዩኒቨርሲቲ ያለበት አገር ብርዱ አይጣል ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር። ጎረቤቶቼ “ገና ጥርሷን ሳትቀይር!” ብለው ሳቁብኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ሁሉንም የቀደምኩ መስሎኝ ኮራሁ።

እኛ ተራ መስከረም ማለት ገበያ ነው። ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ሳምንት ማለቂያ ቀና ብለን አናይም። ትምህርትም የሚጀመረው ያኔ ነው። ልጅቷ ሦስተኛ ክፍል ስትደርስ ነጠላ ማጠፍና ጥለት መለየት ቻለች፤ ደንበኛም ወደዳት። “ከመስቀል በኋላ ትሄጃለሽ፤ መጀመሪያ ላይ ምን ይማራል? ወንበር ማደላደል ነው” አልኳት። የተራው ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። በየዓመቱ ሦስት ሳምንት እንዲህ ከክፍሏ ቀረች።

አንድ ጊዜ መምህሯ ሱቅ ድረስ መጥታ “እትዬ፣ ክፍልፋይ ስናስተምር አልነበረችም፤ አሁን ግራ እየገባት ነው” አለችኝ። “ጎበዝ ናት፣ ትደርስበታለች” ብዬ ነጠላ በቅናሽ ሰጥቼ ሸኘኋት።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትገባ ቤቱን ገለበጥኩት። ሱቅ እንዳትደርስ ከለከልኩ፣ ቴሌቪዥኑን ነቀልኩ፣ አስጠኚ ቀጠርኩ። አስጠኚው ሁለት ሳምንት አይቷት “ችግሩ የዘንድሮ አይደለም፤ ከታች የተዘለለ ነገር አለ” አለኝ። ሰበብ የሚፈልግ መስሎኝ ተቆጣሁት።

ፈተናው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ጥቂት ቀን እዚያው ማደር ነበረባት። ጋቢውን አወጣሁ። በሶና ቆሎ ቋጠርኩላት። አውቶቡሱ ሲነሳ እልል አልኩ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አላለፈችም። ሂሳቡ ጣላት። ውጤቱን ያየች ዕለት አላለቀሰችም። ጋቢውን አጥባ አደረቀችው፣ እኔ እንዳስተማርኳት ጥግ ከጥግ ገጥማ አጠፈችውና ወደ ቦታው መለሰችው። ከዚያ “አጥፍቼያለሁ፣ እማዬ። ይቅርታ” አለችኝ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ቁም ሳጥኑን መልሼ ቆለፍኩ። ያ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ዘንድሮም መስከረም ጠባ፤ ገበያው ደራ። ትንሿ እህቷ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሁለቱን ይዤ ሱቁን ስከፍት፣ አፌ ለምዶበት፣ “ትንሿ ዛሬ እኔ ጋ ትዋል” አልኩ። ትልቋ አልተቆጣችም። ቦርሳውን አንስታ እህቷ ጀርባ ላይ አደረገችና ማሰሪያውን አጠበቀችላት።

“እኔ አለሁልሽ፣ እማዬ። እሷ ትሂድ።”

ትምህርት ቤት አድርሳት ተመለሰችና ከባንኮኒው ኋላ ቆመች። አንድ ሕፃን ያዘለች ደንበኛ ልጄ ነጠላ ስታጥፍ አይታ ተገረመች።

“እትዬ፣ ልጅዎ እጇ እንዴት ይፈጥናል! የት ተማረችው?”

“እዚሁ” አልኳት። “መስከረም መስከረም።”